የቤት ኮምፒውተር ባለቤት ማን ነው?

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ ጥገና አቆመ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ቀን አንድም ኮምፒውተር አልተሰበረም። ስክሪኑ ያበራል፣ ኪቦርዱ ይጽፋል፣ ፎቶውም ሰነዱም በቦታው አለ። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ ከእንግዲህ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ መድፈኛው በነባሩ መንገድ አይመጣም። ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሻገር ደግሞ ኩባንያው ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና በአብዛኛው ከ2018 ወዲህ የወጣ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ይህን የማያሟላ ማሽን ምንም ያህል ደኅና ቢሠራ በኩባንያው ዓይን አርጅቷል። ለአንድ ዓመት የሚሆን ተጨማሪ ጥገና በክፍያ ወይም በማይክሮሶፍት አካውንት በኩል ቀረበ፤ እሱም ቀኑን ገፋ እንጂ ነገሩን አልለወጠም።

ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከዓረብ አገሮች በሻንጣ ወደ አገር ቤት የሚሄደው ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ ያገለገለ ነው። እህት የተማረችበትን ለወንድሟ ትልካለች፣ አጎት መሥሪያ ቤቱ የቀየረለትን ለእህቱ ልጅ ይሰጣል። የዚህን ስጦታ ዕድሜ ሬድመንድ ከተማ የሚወጣ የቀን መቁጠሪያ መወሰኑ ብዙ ሰዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጥያቄ ላይ ጥሏቸዋል፦ ዊንዶውስን ሙሉ በሙሉ አንስቶ ሊኑክስን መጫን ይሻል ይሆን? ጥያቄው የቴክኒክ ጥያቄ ይመስላል። ከኋላው ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የዘለቀ ክርክር አለ፤ ክርክሩም ከፍጥነትና ከዋጋ ይልቅ የባለቤትነት ነው።

ሶፍትዌር ሸቀጥ ከመሆኑ በፊት

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ኮምፒውተር ማለት ክፍል የሚሞላ ማሽን ነበር። ገንዘቡ የሚከፈለው ለማሽኑ ነው፤ ሶፍትዌሩ እንደ ምርቃት አብሮ ይመጣ ነበር። የአይቢኤም ማሽን ተጠቃሚዎች በ1955 ሼር የተባለ ማኅበር መሥርተው የጻፏቸውን ፕሮግራሞች ይለዋወጡ ነበር። አንዱ ያስተካከለውን ሌላው ይወስዳል፣ ሌላው የጨመረውን ሦስተኛው ይጠቀምበታል። በ1969 አይቢኤም ሶፍትዌርን ከማሽኑ ለይቶ እንደሚሸጥ ሲያስታውቅ ምርቃቱ ሸቀጥ መሆን ጀመረ።

በዚያው ዓመት የኤቲ ኤንድ ቲ ንብረት በሆነው ቤል ላብስ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስ የተባለውን ስርዓተ ክወና መሥራት ጀመሩ። ኤቲ ኤንድ ቲ በ1956 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በገባው የፀረ ሞኖፖሊ ስምምነት ምክንያት በኮምፒውተር ንግድ ውስጥ እንደልቡ መግባት አይችልም ነበር። ስለዚህ ዩኒክስን ለዩኒቨርሲቲዎች በአነስተኛ ክፍያ፣ ከነምንጭ ኮዱ ሰጠ። አንድ ትውልድ የኮምፒውተር ተማሪዎች ስርዓተ ክወና ምን እንደሚመስል ያወቁት ይህን ኮድ በማንበብ ነው። በ1984 ኤቲ ኤንድ ቲ ሲከፋፈል ገደቡ ተነሣ፤ ዩኒክስም ውድ የንግድ ዕቃ ሆነ።

ምንጭ ኮድ የሚባለው ፕሮግራመሩ የጻፈው፣ ሰው አንብቦ ሊረዳው የሚችለው ጽሑፍ ነው። ማሽኑ የሚያስኬደው ከዚያ ተለውጦ የወጣውን የዜሮና የአንድ ጥርቅም ነው። የልዩነቱን መጠን ለመረዳት በርበሬን ማሰብ ይበቃል። የተፈጨ በርበሬ የቀመሰች ባለሙያ ኮረሪማው በዝቷል ልትል ትችላለች። ከዱቄቱ ውስጥ ኮረሪማውን ለይታ ማውጣት ግን አትችልም። ለዚያ የሚያስፈልገው ከወፍጮ በፊት ያለው ድልህና ቅመም፣ ልኩም ጭምር ነው። ምንጭ ኮዱ ያልተሰጠው ተጠቃሚ ዱቄቱን ብቻ ተቀብሏል።

በፌብሩዋሪ 1976 የሃያ ዓመቱ ቢል ጌትስ ለኮምፒውተር አፍቃሪዎች ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ኩባንያው ለአልቴር ኮምፒውተር ያዘጋጀውን የቤዚክ ፕሮግራም ብዙዎች ሳይከፍሉ ይቀዱት ነበር። መከራከሪያው ቀላል ነው፦ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ይደክማል፤ ሳይከፍሉ መቅዳት ስርቆት ነው፤ ክፍያ ከሌለ ጥሩ ሥራ የሚሠራ አይኖርም። ይህ ክርክር ባዶ አልነበረም፤ የድካም ዋጋ መጠየቅ ነውር አይደለም። ከዚያ ወዲህ የተለመደው የንግድ መንገድ ግን ከክፍያ አልፎ ሄደ። ገዢ የሚባለው ሰው የሚገዛው ፕሮግራሙን ሳይሆን የመጠቀም ፈቃድን ሆነ። በአገር ቤት ቋንቋ ባለርስት መሆኑ ቀርቶ ጭሰኛ ሆነ ማለት ነው። ያርስበታል፣ ይኖርበታል፤ አጥሩን ማንቀሳቀስ ግን አይችልም፣ ውሉንም ባለቤቱ ሲያሻው ይለውጠዋል።

የማተሚያው ነገር

በ1980 ገደማ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቤተ ሙከራ ዜሮክስ አዲስ ሌዘር ማተሚያ በስጦታ ሰጠ። ማተሚያው ፈጣን ነበር፤ ወረቀት መያዝም ያበዛ ነበር። በቤተ ሙከራው የሚሠራው ሪቻርድ ስቶልማን ለቀድሞው ማተሚያ መፍትሔ አግኝቶለት ነበር፦ ወረቀት ሲይዝ ሥራውን ለሚጠብቁት ሰዎች መልእክት እንዲደርሳቸው ፕሮግራሙን አሻሽሎታል። የአዲሱ ማተሚያ ፕሮግራም ግን ያለ ምንጭ ኮድ ነው የመጣው። ስቶልማን ኮዱን የያዘ የካርኔጊ ሜለን ተመራማሪ እንዳለ ሰምቶ ሄዶ ጠየቀው። ሰውየው ምስጢር ለመጠበቅ ፈርሞ ስለነበር እምቢ አለ። ስቶልማን ይህን እምቢታ ለዓመታት ደጋግሞ አንሥቶታል። አንድ ሰው በፊርማው ለሌሎች ባልደረቦቹ ሁሉ ጀርባውን እንደሰጠ ቆጥሮታል።

ሴፕቴምበር 27 ቀን 1983 ስቶልማን ግኑ የተባለ፣ ዩኒክስን የሚመስል ነገር ግን ማንም ሊያየውና ሊያሻሽለው የሚችል ስርዓተ ክወና እንደሚሠራ አስታወቀ። በ1985 የነጻ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንን መሠረተ። በ1989 ደግሞ ከፕሮግራሞቹ ሁሉ በላይ ዕድሜ የሚኖረው ሥራ ወጣ፤ የግኑ ጠቅላላ ሕዝባዊ ፈቃድ የሚባለው ሰነድ። ፈቃዱ ተጠቃሚው ፕሮግራሙን ለፈለገው ዓላማ እንዲያስኬድ፣ እንዲመረምርና እንዲለውጥ፣ ቅጂውን እንዲያካፍል፣ ያሻሻለውንም እንዲያሰራጭ ይፈቅዳል። አንድ ግዴታ ብቻ አለበት፦ ለሌላ ሲያስተላልፍ እነዚያኑ መብቶች አብሮ ማስተላለፍ። የቅጂ መብት ሕግ የተጻፈው ለመከልከል ነበር። ስቶልማን ያንኑ ሕግ መከልከልን ለመከልከል ተጠቀመበት።

በእንግሊዝኛ ይህ እንቅስቃሴ ከስሙ ጀምሮ ጣጣ ነበረበት። “ፍሪ” የሚለው ቃል ያለ ዋጋ ማለትም፣ ነጻ ማለትም ነው። በ1998 አንዳንዶች “ኦፕን ሶርስ” የሚለውን ስም የመረጡት ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው መምታታት ነው። አማርኛ በዚህ በኩል የተሻለ ዕድል አለው፤ “በ” የምትባል አንዲት ፊደል ትለያቸዋለች። በነጻ የተገኘና ነጻ የሆነ አንድ አይደሉም። ለዓመታት በአገር ቤት የኮምፒውተር ሱቆች ሲጫን የኖረው ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ለተጠቃሚው በነጻ ወይም ለነጻ በቀረበ ዋጋ የመጣ ነው። ነጻ ግን አልነበረም፤ አፕዴት ማድረግ ያስፈራል፣ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ በሕግም ያስጠይቃል። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ከሚጠበቁት ሥራዎች ውስጥ አስገብቷል። ያለ ዋጋ በሕጋዊ መንገድ የሚጫን ስርዓተ ክወና መኖሩ ለደሃ አገር ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው።

ከሄልሲንኪ የመጣው ፍሬ

በ1990 መጨረሻ ግኑ ብዙ ነገር ነበረው፤ ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጥ ኮምፓይለር፣ ኢማክስ የተባለ የጽሑፍ ማዘጋጃ፣ ሌሎችም ብዙ መሣሪያዎች። የጎደለው ከርነሉ ነበር፤ ፕሮሰሰሩን፣ ሜሞሪውንና ዲስኩን ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍለው እምብርት።

በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ 386 ፕሮሰሰር ያለው ኮምፒውተር ገዛ። የአምስተርዳሙ ፕሮፌሰር አንድሩ ታነንባውም ለማስተማሪያ ያዘጋጀውን ሚኒክስ የተባለ ትንሽ ስርዓት ጫነበት፤ ገደቦቹ ግን አላረኩትም። ኦገስት 25 ቀን 1991 የራሱን ስርዓት ለመዝናኛ ያህል እየሠራ መሆኑንና እንደ ግኑ ትልቅ ነገር ይሆናል ብሎ እንደማያስብ አስታወቀ። ስሙን “ፍሪክስ” ሊለው ፈልጎ ነበር፤ ፋይሎቹን በሰርቨር ላይ ያስቀመጠለት አሪ ሌምኬ ግን ማውጫውን “ሊኑክስ” ብሎ ሰየመው። የመጀመሪያው ፈቃድ በገንዘብ ማስተላለፍን ይከለክል ነበር። በ1992 ቶርቫልድስ ወደ ግኑ ፈቃድ አዛወረው፤ በኋላም ካደረጋቸው ነገሮች ሁሉ የተሻለው ይህ እንደሆነ ተናግሯል። ከርነሉ የጎደለው ግኑና መሣሪያ የጎደለው ሊኑክስ ተገናኙ። በማርች 1994 ስሪት 1.0 ወጣ።

የሊኑክስ አሠራር ለፕሮፌሽናሎቹ እንግዳ ነበር። የተለያየ አገር የሚኖሩ፣ ብዙዎቹም ተገናኝተው የማያውቁ ሰዎች ማሻሻያ ይልካሉ፤ ቶርቫልድስና በኋላም ረዳቶቹ እያዩ ይቀበላሉ ወይም ይመልሳሉ። ለኢትዮጵያ ገበሬ ይህ እንግዳ አይሆንም። ደቦ የሚጠራ ሰው የሁሉንም ጉልበት አይገዛም፤ ዛሬ ለእርሱ የታጨደለት ነገ ለሌላው ያጭዳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ተረት የዚህን ሥራ ጠባይ በአንድ መስመር ይናገራል። የተረቱ የመጀመሪያ ግማሽም ወደ ኋላ ላይ ይመለሳል።

ወደ ሳሎን የሚወስደው መንገድ

ሊኑክስን በቤት ኮምፒውተር ላይ መጫን መጀመሪያ ላይ ለትዕግሥተኞች ብቻ ነበር። በ1993 የወጡት ስላክዌርና ዴቢያን ከርነሉንና መሣሪያዎቹን አንድ ላይ አዘጋጅተው አቀረቡ፤ ቢሆንም ብዙ ፍሎፒ ዲስክ ማፈራረቅና የስክሪኑን የድግግሞሽ ቁጥር በእጅ ማስገባት ይጠይቁ ነበር። ቁጥሩ ከተሳሳተ የዚያን ዘመን ሞኒተር ሊያበላሽ እንደሚችል ማስጠንቀቂያም ነበረው። በ1996 ኬዲኢ፣ በ1997 ግኖም ተጀመሩ፤ መስኮት፣ ሜኑና ማውስ ያለው ገጽታ መጣ።

ትልቁ ለውጥ በኦክቶበር 2004 ከአፍሪካ ልጅ መጣ። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ በ1999 የኢንተርኔት ደኅንነት ኩባንያውን በ575 ሚሊዮን ዶላር ሸጦ ነበር፤ በ2002ም በራሱ ወጪ ወደ ጠፈር ደርሶ ተመለሰ። ከዚያ በዴቢያን ላይ የተመሠረተ፣ ለተራ ሰው የቀለለ ስርዓት አወጣና “ኡቡንቱ” አለው፤ ሰው ሰው የሚሆነው በሌሎች ሰዎች ነው የሚለውን የደቡባዊ አፍሪካ ሐሳብ የያዘ ቃል ነው። ኩባንያው እስከ 2011 ድረስ ለጠየቀው ሁሉ ሲዲውን ያለ ክፍያ፣ የፖስታውን ጭምር ችሎ ይልክ ነበር። ኢንተርኔት በቀርፋፋ የስልክ መስመር ለሚመጣባቸው አገሮች ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም፤ ሙሉ ሲዲ ማውረድ ቀናት የሚፈጅባቸው ቦታዎች ነበሩ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሊኑክስ የቤት ኮምፒውተርን ገበያ አላሸነፈም። ዋናው ምክንያት ከጥራት ይልቅ የልማድና የንግድ ነው። አብዛኛው ሰው ስርዓተ ክወና መርጦ አያውቅም፤ ከሱቅ ሲገዛ ተጭኖ የመጣውን ነው የሚጠቀመው። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1999 በካሊፎርኒያ የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ያልፈለጉት ዊንዶውስ ዋጋ ይመለስልን ብለው ወደ ማይክሮሶፍት ቢሮ ሄዱ፤ ገንዘብ ግን ሳያገኙ ተመለሱ። በ2007 አሱስ ኢ ፒሲ የተባለውን ትንሽና ርካሽ ላፕቶፕ ከሊኑክስ ጋር አወጣ። ማይክሮሶፍት ሊያቆመው የነበረውን ዊንዶውስ ኤክስፒ ለእነዚህ ትንንሽ ማሽኖች በዝቅተኛ ዋጋ ማቅረብ ቀጠለ፤ ሊኑክስም ከሱቅ መደርደሪያ ቀስ በቀስ ወረደ።

የጀርመኗ ሙኒክ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። በ2003 የከተማዋ ምክር ቤት የመሥሪያ ቤቶቹን ኮምፒውተሮች ወደ ሊኑክስ ለማዞር ሲወስን የማይክሮሶፍቱ ስቲቭ ባልመር ራሱ ከንቲባውን ለማግባባት ሄዶ ነበር። ሥራው አሥር ዓመት ፈጅቶ በ2013 ወደ 15,000 የሚጠጉ ኮምፒውተሮች ተቀየሩ። በ2017 ግን ሌላ የፖለቲካ አመራር ወደ ዊንዶውስ እንዲመለሱ ወሰነ። ቅያሪ አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ከየቀኑ ተጠቃሚው ጋር ስምምነት ይፈልጋል። በተቃራኒው የፈረንሳይ ጀንዳርሜሪ ከ2008 ጀምሮ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮቹን ወደ ኡቡንቱ አዙሮ ቀጥሏል። በ2024 ደግሞ የጀርመኑ ሽሌስቪክ ሆልሽታይን ክፍለ ግዛት 30,000 የሚሆኑ የሥራ ኮምፒውተሮችን ከማይክሮሶፍት ለማላቀቅ መወሰኑን አስታወቀ።

በቤት ውስጥ የተሸነፈው ሊኑክስ በሌላው ቦታ ሁሉ አሸንፏል። ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ በዓለም ከፍተኛ ተብለው የሚመዘገቡት 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች ሁሉም የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ከ2008 ጀምሮ ገበያ ላይ የዋለው አንድሮይድም ከርነሉ ሊኑክስ ነው። ሊኑክስን “አልጠቀምም” የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል።

እዚህ ላይ ግን መራራ ነገር አለ። የአብዛኛው ስልክ መግቢያ በአምራቹ ተቆልፏል፤ ባለቤቱ ስርዓቱን አንስቶ ሌላ ልጫን ቢል አይችልም ወይም ዋስትናውን ያጣል። ምንጭ ኮዱ ክፍት መሆኑ ብቻውን ተጠቃሚውን ባለርስት አላደረገውም። ተራ ሰው አሁንም ሙሉ ስርዓቱን አንስቶ ሌላ መትከል የሚችልበት ዋናው ዕቃ የቤት ኮምፒውተር ነው። ጥያቄው እዚህ ቦታ ላይ ክብደት ያገኘው ለዚህ ነው።

ፊደሉ የት ነበር?

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ታሪክ ሌላ ክር አለው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የግዕዝ ፊደልን ኮምፒውተር ላይ ያዋሉት በአብዛኛው በየግላቸው የደከሙ ኢትዮጵያውያንና ትንንሽ ድርጅቶች ናቸው። ያለ እነርሱ የስደት ጋዜጦች፣ የማኅበር መጽሔቶችና የቤተ ክርስቲያን ጽሑፎች አይታተሙም ነበር። ችግሩ ዓለም አቀፍ ስምምነት አለመኖሩ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል ቁጥሮችን ብቻ ስለነበር እያንዳንዱ ሶፍትዌር በላቲኑ ቦታ የግዕዙን ቅርጽ ተካ። አንድ ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ አለው፤ ፊደሉ ከነእርባታው ከነቁጥሩ ከ300 በላይ ነው። ስለዚህ ፊደሉ በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንቶች ተከፋፈለ፤ አከፋፈሉም እንደየሠሪው ይለያያል። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ዘንድ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ግርግር ይሆናል። ብዙ ሰው ያን ግርግር አይቶታል፤ ጽሑፉ አለ፣ ቁልፉ ግን ፎንቱን በሠራው እጅ ነው።

በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ የሞከሩ ነበሩ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሴራ የተባለውን ሥርዓት አዘጋጁ፤ ግዕዝን በተራ የላቲን ኪቦርድ ለመጻፍና በኢሜይል ለመላክ የሚያስችል፣ ሕጉ ለሁሉም የተገለጸ አጻጻፍ ነው። ትንሹ “ቲ” ለ“ተ”፣ ትልቁ “ቲ” ለ“ጠ” ይቆማል። ሕጉ ክፍት ስለነበር ማንም ፕሮግራም ሊጽፍበት ቻለ። በጃፓን የሚገኙ የኢማክስ አሻሻዮች የብዙ ቋንቋዎችን ፊደላት ሲያስገቡ ግዕዝንም ጨመሩ፤ በ1997 የወጣው ኢማክስ 20 ግዕዝን መጻፍና ከሴራ መለወጥ ይችላል። በኢማክስ ውስጥ የዓለም ቋንቋዎችን ሰላምታ የሚያሳይ አንድ ፋይል አለ፤ ከእነርሱ መካከል አማርኛው “ሠላም” ይላል። ይህ የሆነው የዩኒኮድ ሰሌዳ የግዕዝን ፊደል ከመቀበሉ በፊት ነው። ዩኒኮድ በሴፕቴምበር 1999 ስሪት 3.0ን ሲያወጣ ለግዕዝ 345 ምልክቶችን መዘገበ፤ ለሌሎች የኢትዮጵያና የኤርትራ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉት ፊደላት በኋላ ተጨመሩ። ዊንዶውስ የአማርኛ ኪቦርድና ኒያላ የተባለውን ፎንት አብሮ ያመጣው ከቪስታ ጋር፣ በ2007 ነው።

ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ የክፍት ምንጭ ዓለም ፊደሉን የያዘው በበጎ ፈቃደኞች ትከሻ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የግኖም ገጽታ ወደ አማርኛ መተርጎም ጀመረ። አቢሲኒካ የተባለው ፎንት በነጻ ፈቃድ ተለቀቀ፤ ሊብሬኦፊስ የተባለው የቢሮ ሶፍትዌር በአማርኛ ገጽ ይሠራል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ የተባለው ፕሮጀክት ሊኑክስ የጫኑ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖችን ከአማርኛ ኪቦርድ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ይኸው ድርጅት በ2012 ለወንጪና ለወለንጪቲ አካባቢ ሕፃናት አንድሮይድ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ አድሎ ነበር። የፕሮጀክቱ መሪዎች እንደተናገሩት ልጆቹ የተቆለፈውን ገጽታ እንደየምርጫቸው ለወጡት፣ የተዘጋውንም ካሜራ ከፈቱት። ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ ማምጣት ከባድ ነው፤ ቁልፍ የሚያስቸግረው ገና ያልተማረውን ሰው ሳይሆን ለመማር የተነሣውን ነው።

ያልተሠራውም ብዙ ነው። የአማርኛው ትርጉም በብዙ ፕሮግራሞች ውስጥ ግማሹ አማርኛ ግማሹ እንግሊዝኛ ሆኖ ቀርቷል። አንዱ “ዶሴ” ያለውን ሌላው “አቃፊ”፣ ሦስተኛው “ፎልደር” ይለዋል። በክፍት ምንጭ ዓለም ይህን ለማስተካከል የሚጠየቅ ኩባንያ የለም። የሚያስተካክለው ሰው ራሱ አማርኛ ተናጋሪው ነው፤ ፈቃዱ ተሰጥቶታል፣ የጎደለው እጅ ነው።

ሙሉ በሙሉ መቀየር ሲመጣ

ዛሬ ሊኑክስን መሞከር የ1993ቱን ዓይነት ትዕግሥት አይጠይቅም። ኡቡንቱን ወይም ሊኑክስ ሚንትን በፍላሽ ላይ አዘጋጅቶ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ማስነሣት ይቻላል፤ ዲስኩ ሳይነካ ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ካሜራውና ፕሪንተሩ መሥራታቸው ይታያል። ከዚያ ሁለቱን ስርዓቶች ጎን ለጎን ማኖር ወይም ዊንዶውስን ሙሉ በሙሉ ማንሣት ይመጣል። ጎን ለጎኑ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሰው በመጀመሪያው ችግር ወደ ለመደው ይመለሳል፣ አዲሱን ቤትም ሳይለምደው ይቀራል። ሙሉ ቅያሪው ቁርጠኝነት ይጠይቃል፤ ከዚያ በፊት ግን የሚጠፋውን ነገር በሐቅ መቁጠር ያስፈልጋል።

የአዶቢ የፎቶና የቪዲዮ ፕሮግራሞች፣ አውቶካድና የዴስክቶፑ ማይክሮሶፍት ኦፊስ ለሊኑክስ አልተዘጋጁም። በእነዚህ እንጀራውን የሚጋግር ሰው ሙሉ ቅያሪ ባያደርግ ሞኝ አይባልም። አንዳንድ የዩኒቨርሲቲ የፈተና መቆለፊያ ሶፍትዌሮች ሊኑክስን አይቀበሉም፤ ተማሪ ላለበት ቤት ይህ ቀድሞ መጣራት አለበት። በተቃራኒው ብራውዘር፣ ቴሌግራም፣ ዙም፣ ፊልምና ሙዚቃ ያለ ችግር ይሠራሉ። የአማርኛ ኪቦርድም በሴቲንጉ ውስጥ ይገኛል፤ ከላይ የተነሣው ሴራ ዛሬም ከማስገቢያ ዘዴዎቹ አንዱ ሆኖ አብሮ አለ።

ከሁሉ በላይ መታሰብ ያለበት የድሮው ጽሑፍ ነው። በአሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ የአባት ማስታወሻ፣ የዕድር መዝገብ፣ ያልታተመ ልብ ወለድ በቆዩት የግዕዝ ፎንቶች ተጽፎ ሊኖር ይችላል። የጻፈው ሶፍትዌር የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ዲስኩ ተጠርጎ ሊኑክስ ሲጫን ጽሑፉ የሚነበብበት የመጨረሻው መስኮት ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከጽሑፉ ነው፦ በነባሩ ማሽን ከፍቶ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ፣ ለጥንቃቄም በፒዲኤፍ ማስቀመጥ፣ ቅጂውን ሌላ ዲስክ ላይ ማኖር። ዊንዶውስን የማያነሣ ሰው እንኳ ይህን ማድረግ አለበት፤ ሶፍትዌሩ ከሚቀጥለው ዊንዶውስ ጋር ስለመሥራቱ ዋስትና የለውም።

የሃምሳ ሎሚው የመጀመሪያ ግማሽ የሚመለሰው እዚህ ነው። በማርች 2024 ኤክስዜድ የተባለ፣ በብዙ የሊኑክስ ስርዓቶች ውስጥ ያለ የፋይል መጭመቂያ ሆን ተብሎ የተደበቀ የኋላ በር ተገኘበት። ፕሮግራሙን ለዓመታት ያለ ክፍያ ይጠብቅ የነበረው አንድ የደከመ ሰው ነበር። ሊረዳው የመጣ መስሎ ለሁለት ዓመታት ያህል አመኔታውን የገዛ ስሙ ያልታወቀ ሰው ነው በሩን የከፈተው። ሃምሳው ሎሚ በአንድ ሰው ላይ ተጭኖ ነበር። ያገኘው ደግሞ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ የሆነው አንድሬስ ፍሮይንድ ነው፤ አንድ ሥራ በግማሽ ሴኮንድ ገደማ መዘግየቱን አይቶ ኮዱን ተከትሎ ሄደ። ኮዱ የተዘጋ ቢሆን ተከትሎ የሚሄድበት መንገድ አይኖረውም ነበር። ድክመቱም ጥንካሬውም ከአንድ ምንጭ ይወጣሉ፤ ሁሉም ማየት ይችላል፣ የሚያየው ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ ሊኑክስን የሚጭን ቤተሰብ ከጭሰኝነት ወጥቶ በሌላ ሰው ርስት ላይ በነጻ አይሰፍርም። ወደ ደቦው ይገባል። ሁሉም ኮድ መጻፍ አለበት ማለት አይደለም። አንድ የተሳሳተ የአማርኛ ቃል ማረም፣ ለጎረቤት ፍላሽ ማዘጋጀት፣ የማይሠራ ነገርን ለሠሪዎቹ በትክክል ማሳወቅ፣ ጥቂት ዶላር መላክ ሁሉም ማጭድ ነው። ዊንዶውስ 10 የተዘጋበት ቀን ለብዙዎች የወጪ ቀን ሆኖ አልፏል። የሚሠራ ላፕቶፕ ይዘው ለቀሩት ግን የተዘጋው የአንድ ኩባንያ በር ነው፤ ማሽኑ፣ በውስጡ ያለው ጽሑፍና ምርጫው አሁንም በእጃቸው ነው።